ተኩላዎቿን በጠፍር ትመራ ስለነበረች ስለ መበለቲቱ ጽዮን ሞገሳ

አምላክን በማኅፀንዋ የተሸከመች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለአንዲት መበለት ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለንና፥ የክርስቲያን ወገኖች ሆይ፥ በቀና ልብ ስሙ።

ብርድና ጉም በማይለየው በአንድ ደጋ አገር ጽዮን ሞገሳ የምትባል መበለት ነበረች፤ እመቤታችንንም ከልጅነቷ ጀምሮ እጅግ ትወዳት ነበርና ውዳሴዋን ሳትደግም እህል አትቀምስም ነበር፤ ደግሞም "እመቤቴ ሆይ፥ ነፍስ ያለውን ፍጥረት በፊቴ ወድቆ ባገኘው አላልፈውም" ብላ ተስላ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እንጨት ስትለቅም እናታቸው የሞተችባቸውን ሁለት የተኩላ ቡችሎች ዓይናቸው ሳይገለጥ በገደል ሥር አገኘች፤ ስእለቷንም አስባ በነጠላዋ አቅፋ ወሰደቻቸውና የፍየል ወተት በጨርቅ እየነከረች አሳደገቻቸው። በጎለመሱም ጊዜ "ብለቃቸው የሰው በግ ይበላሉ፥ ታስረው ቢውሉም ይታመማሉ" ብላ ጠፍር ገምዳ በአንገታቸው አገባችና፥ ጧት ጧት ውዳሴዋን ከፈጸመች በኋላ ወንዱን በቀኟ ሴቲቱን በግራዋ ይዛ እስከ ወንዙ ትወስዳቸውና ትመልሳቸው ነበር። ክንዷ እስኪዝል ይስቧት ነበር፤ እርስዋ ግን ዝናም ቢዘንም ውርጭም ቢወርድ አንድ ቀን አላስታጎለችም።

ከዚያም የፍልሰታ ሱባኤ በገባ በሦስተኛው ቀን፥ ሞትባይኖር የሚባል ባለ ብዙ መንጋ ሰው አምስት በጎቹ ጉሮሯቸው ተዘንጥሎ ተገኙበት፤ እርሱም ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዶ "ተኩላ የምታሳድግ ሴት በመካከላችን ሳለች፥ በጌን ማን በላው ብዬ ልጠይቅ?" ብሎ ጮኸ። ጭቃ ሹሙም ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ሰበሰበና "እመት ጽዮን፥ አውሬዎችሽ ነገ ይገደላሉ" ብሎ ፈረደባት።

የነፍስ አባቷ አባ ዘሚካኤልም ቀረብ ብለው "ልጄ፥ አውሬ መቼም አውሬ ነው፤ ከአገር ሰው ከምትጣዪ ብትተዪው አይሻልሽም?" አሏት። እርስዋም "አባቴ፥ በድለው ቢሆን በገዛ እጄ በሰጠኋቸው ነበር፤ ነገር ግን በጎቹ በተገኙ ጧት ካደሩበት ስፈታቸው አፋቸው ንጹሕ ነበር፥ ማሰሪያቸውም አልላላም። ሐሰት ሲፈረድ ዝም ብል ለእመቤቴ ምን እመልስላታለሁ?" አለቻቸው። ወደ ጭቃ ሹሙም ዘወር ብላ "ጌታዬ፥ ነገ የአያ ሞትባይኖር በጎች በዚህ ሜዳ ይሰማሩ፤ እኔም ተኩላዎቼን ይዤ በመካከላቸው አልፋለሁ፤ አንዲት ጠቦት ቢነኩ እነርሱ ይገደሉ፥ እኔም ከአገር ልውጣ" አለች። ሞትባይኖርም በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት አፍሮ "ይሁን" አለ። እርስዋም ወደ ቤቷ ተመልሳ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበረከከችና "እጄ ደካማ ናት፥ እግሬ ግን አይመለስም፤ የጎደለውን አንቺ ሙዪው" ብላ ጸለየች።

በነጋም ጊዜ ሕዝቡ ጦር ይዞ በሜዳው ዙሪያ ቆመ፤ ጽዮን ሞገሳም ተኩላዎቿን ይዛ ወደ በጎቹ መካከል ገባች። እኩሌታውንም በሄደች ጊዜ መንጋው ደነገጠና ገፍቶ በጭቃ ላይ ጣላት፤ በዝናም የራሱት ጠፍሮችም ሁለቱም ተበጠሱ፤ ተኩላዎቹም በበጎች መካከል ተለቀቁ። ሰዎቹ ጦራቸውን አነሡ፤ እርስዋ ግን አልሸሸችም፥ ከጭቃው ተነሥታ "እመቤቴ ማርያም!" ብላ ጮኸች እንጂ።

በዚያን ጊዜ የተበጠሱት ጠፍሮች ከምድር ተነሡና የማይታይ እጅ እንደ ያዛቸው በአየር ላይ ተወጠሩ፤ ተኩላዎቹም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በቀስታ ተራመዱ፤ በጎቹም ግራና ቀኝ እየተከፈሉ አሳለፏቸው፥ አንዲት ጠቦትም ከሴቲቱ ተኩላ ጎን ጎን ትሄድ ነበር። ጽዮን ሞገሳም ጭቃ እንደ ለበሰች ከኋላ ተከተለች። ከሜዳውም ዳር በደረሱ ጊዜ ጠፍሮቹ በእግሯ ሥር ወደቁ፤ ተኩላዎቹም ተኝተው ጠበቋት። ሰዎቹ ጦራቸውን ጣሉ፤ አባ ዘሚካኤልም እያለቀሱ በምድር ላይ ሰገዱ።

ሞትባይኖርም ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ "ማሩኝ! በጎቹን የበሉት የገዛ ውሾቼ ናቸው፤ ደሙን ከአፋቸው በወንዝ አጠብሁና እንዳይገደሉብኝ ብዬ በመበለቲቱ ላይ አላከክሁ" አለ። ጭቃ ሹሙም ተቆጥቶ "እርሱ ይታሰር፥ ውሾቹም ይገደሉ!" አለ። ጽዮን ሞገሳ ግን "አይሆንም ጌታዬ፤ እመቤቴ የእኔን አድናልኝ እኔ የሌላውን ላስገድል? ይልቅስ አያ ሞትባይኖር፥ ጠፍር ገምድና ነገ ጧት ውሾችህን ይዘህ ከእኔ ጋር ውጣ፤ አያያዙን አሳይሃለሁ" አለችው። እርሱም እያፈረ እንዲሁ አደረገ፤ በመጀመሪያውም ቀን ውሾቹ ሦስት ጊዜ በግንባሩ ደፉት፥ እርስዋም "አትልቀቅ!" ትለው ነበር።

ሕዝቡም ሁሉ የእመቤታችንን ቸርነት አይተው እስከ ፍልሰታዋ ቀን ድረስ በምስጋናና በዝማሬ ሰነበቱ። እኛንም ልመናዋ በሐሰት ከሚፈርድ አንደበት ትሰውረን፥ ለእውነት በቆምን ጊዜ ጉልበታችንን ታጽናልን፤ ይህን ባነበበው፥ በሰማውም፥ በልቡ ባኖረውም ላይ በረከቷ ይደር፤ ለዓለመ ዓለም፥ አሜን።