ሱፐርቫይዘሩ ያዩት ፊልም

አንዲት የአማርኛ መምህርት ነበረች። ተማሪዎቿን አንድ የቆየ ልብ ወለድ ታስነብብና ከመጽሐፉ የተሠራውን ፊልም ታሳያቸዋለች፤ ከዚያ «ምን ተቆረጠ? ምን ተጨመረ? ለምን?» እያለች ታፋጥጣቸዋለች።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ አቶ ዘርጋው፣ ፊልሙ የሠርጉ ጭፈራ ላይ ሲደርስ በሩን ከፍተው ገቡ። ጥቂት ቆመው አዩና ጥያቄው ሳይጀመር ወጡ።

በማግስቱ መምህራኑን ሁሉ ሰብስበው ሦስት ገጽ ሪፖርት አነበቡ። «ክፍሉ ጭፈራ ቤት ሆኗል፤ ትምህርት የሚባል ነገር አላየሁም» ይላል። ርዕሰ መምህሩ እውነቱን እያወቁ አንገታቸውን ደፉ።

«በይ፣ አምነሽ ፈርሚ» አሏት አቶ ዘርጋው እስክሪብቶ እየዘረጉ። «ከፈረምሽ በማስጠንቀቂያ አልፍሻለሁ። እምቢ ካልሽ ግን ከነገ ጀምሮ ክፍል አትገቢም።»

መምህርቷ ጨነቃት። ክፍሏን ማጣት አልፈለገችም፤ ውሸት ላይ ከፈረመች ደግሞ ነገ በምን አፏ ተማሪዎቿን «ያያችሁትን ሁሉ አትመኑ» ትላለች? ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶውን ተቀበለች።

«እፈርማለሁ ጌታዬ፤ ድርሰቱ እንኳን ግሩም ነው» አለች። «ብቻ እንደ ፊልሞቹ ከላይ አንዲት መስመር ትጨመርልኝ፤ ‹በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ› የምትል።»