አንድ መልስ ብቻ የጻፈችው ተማሪ

አንድ የሂሳብ መምህር አንዲት ተማሪውን ወደ መምህራን ክፍል አስጠራ። ልጅቷ የተጠራችው ለምስጋና መሰላት። ፈተናውን በደንብ ሠርታለችና ፈገግ ብላ ገባች። መምህሩ ፈገግታዋን አየና በልቡ፣ ይህች ልጅ ጭራሽ አታፍርም አለ።

ተመልከቱ፤ ገና አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ይዛው የመጣችው ደስታ እሱ ዘንድ ሲደርስ ድፍረት ሆነ።

መምህሩን ታረቀኝ፣ ልጅቷን ሙንተሃ እንበላቸው። ከተማዋ ወሎ ውስጥ ናት። መምህሩ እንደ እናንተ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ፣ ሰው አክባሪ ነው። ይህን አትርሱ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

የፈተናው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ የቁጥሩ አሥር እጥፍ ሲጨመርበት ሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው? ክፍሉ በተማረው ፎርሙላ የሠራ ሁሉ ሁለት መልስ ያገኛል፦ ሦስት እና ኔጌቲቭ አሥራ ሦስት። ሙንተሃ የጻፈችው ሦስትን ብቻ ነው። ፎርሙላ የለም። ከመልሱ ሥር አንድ ሥዕል አለ፤ ሳጥን፣ በሳጥኑ ጎንና ጎን ሌሎች ሳጥኖች።

መምህሩ ምን አሰበ? አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ወረቀት አወጣ፤ ሁለቱም መልሶች አሉ። እንግዲያው ሙንተሃ አንዱን ቀድታ ሁለተኛው ላይ ሳትደርስ ወረቀቱ ተሸፍኖባታል ማለት ነው። ሥዕሉስ? ጎረቤቷ እስክትጨርስ የሞነጫጨረችው ነው። ሁሉም ነገር ገጠመለት። ጥርጣሬ ሁልጊዜ ይገጥማል፤ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ?

በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቹ ነገራቸው። ስሟንም ለርዕሰ መምህሩ ጽፎ ሰጠ። በዚያ ትምህርት ቤት ደንብ የቀዳ ተማሪ ስሙ በጠዋት ሰልፍ ላይ ይነበባል፤ ዓመቱንም ይደግማል። ልጅቷን ያስጠራት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ!

ከማን እንደቀዳች ጠየቃት። ከማንም አልቀዳሁም አለች። ሁለተኛው መልስ የት እንደቀረ ሲጠይቃት የጂኦግራፊው መምህር ከወዲያ ጠረጴዛ፣ ግማሹን ለማጠቃለያው ፈተና አስቀምጣው ይሆናል ብሎ ቀለደ። ሌሎቹም መምህራን ሳቁ። ልጅቷ ፈገግታዋን ያጣችው ያን ጊዜ ነው።

እርሳስ ለመነች። ጎኑ የማይታወቅ ካሬ ሣለች። አሥር እጥፉን ለሁለት ከፍላ፣ ወርዳቸው አምስት አምስት የሆነ ሁለት ሳጥኖች በሁለቱ ጎኖች ለጠፈች። ሁሉም አንድ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው። አሁን ሥዕሉ ትልቅ ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ አንድ ማዕዘን ብቻ ጎድሎታል። የጎደለው አምስት በአምስት፣ ሃያ አምስት ነው። ሞላችው። ሠላሳ ዘጠኝና ሃያ አምስት ስልሳ አራት። የትልቁ ካሬ ጎን ስምንት ነው፤ አምስቱ ሲነሳለት ሦስት።

መምህሩ ሥዕሉን ወደ ራሱ አዞረ። ከዚያ፣ ይህን በቃሏ አጥንታው ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። መዳፏን እንድታሳየው አዘዛት፤ የተጻፈበት ነገር የለም። ቁጥሮቹን ለውጦ ሌላ ጥያቄ ሰጣት፤ ስድስት እጥፍ፣ አርባ። ሣለች፣ ማዕዘኑን ሞላች፣ አራት አለች።

"ኔጌቲቩስ?" አላት።

"ቲቸር፣ የካሬ ጎን ከዜሮ በታች ይሆናል እንዴ?"

ወገኖቼ፣ ይህን መንገድ ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ የኖረው ሙስሊሙ የሂሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ በመጽሐፉ አስተምሮታል። ልጆቻችሁ የሚማሩት አልጀብራ ስሙን ያገኘው ከዚያ መጽሐፍ ርዕስ ነው። እሱም ከዜሮ በታች ያለውን መልስ አይቀበልም ነበር። ታረቀኝ ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሮታል። ያውቃል! ወረቀቱ ላይ ሲያየው ግን ስርቆት መሰለው።

ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። አጎቷ ሼህ እንድሪስ በአረብኛ ከተጻፈ የሂሳብ ኪታብ እንዳሳያት ነገረችው።

"ታዲያ ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ የጠየቁኝ ከማን እንደቀዳሁ ነው እንጂ ከማን እንደተማርኩ አይደለም።"

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ጎረቤታችሁ በር ዘግታ ስትጸልይ፣ ምን ትደብቃለች ትላላችሁ። ምራታችሁ ዝም ስትል ኩራት ነው ትላላችሁ። ከእናንተ በተለየ መንገድ ልክ የደረሰን ሰው ስታዩ፣ ከየት ሰረቀው ትላላችሁ። ካያችሁት ውስጥ የጎደለ ማዕዘን እንዳለ ጠይቃችኋል? ወይስ ስሙን ጽፋችሁ ከሰጣችሁ በኋላ ነው የምትጠይቁት?

ደግሞስ ስንታረም? ስንጠረጥር በአደባባይ ነው፤ ስንታረም በጓዳ። ታረቀኝም ስሟን በጸጥታ ማሰረዝ ይችል ነበር። ግን በሻይ ሰዓት የሰሙት መምህራን ምን ይዘው ይቀራሉ? የሳቁባትስ?

በማግስቱ ጠዋት ታረቀኝ ስሞቹ ከመነበባቸው በፊት ከባንዲራው ሥር ቆመ። ሙንተሃ ሁለተኛውን መልስ ባለመጻፏ ግማሽ ማርክ እንደሚቀነስባት፣ ግን እንዳልቀዳች፣ ሳይጠይቅ የፈረደባትም እሱ እንደሆነ ለሰልፉ ሁሉ ተናገረ። አንዳንድ ተማሪዎች ሳቁበት። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፤ ሙንተሃም ወደ ክፍሏ ገባች።