የቀትር ጨለማና የአያ ጅቦ መዳፍ

አንድ ጊዜ፣ በጠራራ ቀትር ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ፣ ጅብና አህያ ከአንድ ሾላ ሥር ተፋጠው ይጨቃጨቁ ነበር።

«መሸ! ውላችንን አትርሺ!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ፀሐይ እስክትጠልቅ ሜዳው ያንቺ፤ ከጠለቀች ግን ሜዳውም፣ ሜዳው ላይ የተገኘውም የእኔ ነው!»

«ኧረ አያ ጅቦ! ሣሩን እንኳ ገና አልጠገብኩም፤ ቀኑ ገና እኩሌታው ነው!»

«ወፎቹስ ለምን ዝም አሉ?»

እውነትም ወፎቹ ዝም ብለው ነበር። ነፋሱ ቀዝቅዟል፤ ሣሩ አመድ መስሏል። ከሾላው በላይ አንዲት ኮከብ ብቅ ብላ፣ መንገድ እንደጠፋት እንግዳ ቆማለች። የአህያዋ ቤትም ሩቅ ነበር።

በዚያ የምታልፍ ቀበሮ ጠቡን ሰምታ ጠጋ አለች።

«እመት ቀበሮ፣ ዳኚን!» አለች አህያ። «ቅድም በቅጠሉ መሐል የሚወርደው ክብ ብርሃን፣ መሬት ላይ ማጭድ መስሎ ሲቀጥን አይቻለሁ።»

ቀበሮ ሰማዩን አየችና ፈገግ አለች። «ፀሐይ አልጠለቀችም፤ አናታችን ላይ ናት። ጨረቃ መሐል ገብታ ጥላዋን ጣለችብን እንጂ።»

«ያቺ ትንሽ ጨረቃ ፀሐይን ልትጋርድ? አትቀልጂ!» አለ ጅብ።

«እስቲ አያ ጅቦ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍን። በሌላው ፊት መዳፍህን አቁም። ያ ተራራ ይታይሃል?»

«ጠፋ!»

«ማን በላው?»

«እኔ አልበላሁም!» ብሎ ጅብ ደነገጠ።

«መዳፍህ ከተራራው ይበልጣል?»

«አይበልጥም... ዓይኔ ሥር ስለሆነ ነው እንጂ።»

«ጨረቃም እንዲሁ ናት። ትንሽ ብትሆንም ለእኛ ትቀርባለች። ጥላዋ ደግሞ መንገደኛ ነው፤ አይቀመጥም። በል አሁን መዳፍህን ቀስ ብለህ አንሳ፤ ቀስ!»

ጅብ ቀስ ብሎ አነሳ። መጀመሪያ ተራራው በራ። ከዚያ ብርሃኑ ቁልቁል ወርዶ ሜዳውን እያቋረጠ መጣና ሾላው ሥር ደረሰ። አንዲት ወፍ ጮኸች። ሌላዋ መለሰችላት።

አህያዋ በረጅሙ ተነፈሰችና ጎንበስ ብላ ሣሯን ነጨች።

ጅብ መዳፉን አየ፤ ተራራውን አየ፤ እግሩ ሥር ተመልሶ የተዘረጋውን የራሱን ጥላም አየ። ጭራውን በእግሮቹ መሐል ወሽቆ፣ ጥላውን እያስከተለ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ትንሽ ነገር ቀርቦ ትልቁን ሲጋርድብን «ጠፋ» ብለን ከመፍረድ ይልቅ ጥላው እስኪያልፍ መታገሥን ነው።