ላዩ በረዶ፣ ታቹ ድሬዳዋ

ዛሬ ስለ ፍሪጅ ነው የማጫውታችሁ፣ ምእመናን። አትሳቁ! ፍሪጅ የሌለውም እኔን አይመለከተኝም ብሎ እንዳይተኛብኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሁላችንም ቤት ይገባል።

አንዲት ሴት ነበረች፣ ድሬዳዋ። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የተሠራ ወጥ ማታ አረፋ ያወጣል። ከግቢው ሰው ሁሉ ፍሪጅ ያላት እሷ ብቻ ናት። ሳሎን አቁማዋለች፤ ዳንቴል አልብሳ፣ የፕላስቲክ አበባ ጭናበት። የሴትዮዋ ስም አስካለ ነው።

በዚያው ግቢ ጋሽ ሀብቴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስኳር በሽታ ስላለባቸው ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ካገኘው ይበላሻል። ስለዚህ የጋሽ ሀብቴ ብልቃጦች የሚያድሩት አስካለ ቤት፣ ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ጠዋት ጠዋት በሯን ያንኳኳሉ። «አስካለ፣ ልጄ እንዴት አደረች?» ልጄ የሚሉት መድኃኒታቸውን ነው።

«ደህና አድራለች፣ ጋሼ!» ትላለች እየሳቀች።

ተወግተው ሲመልሱት ይመርቋታል። «ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጓዳሽ አይጉደል።» አስካለ ይህን ምርቃት ትወደዋለች። ማን ይጠላል? እናንተ ትጠላላችሁ? ቀኗ ያለ እሱ የሚነጋላት አይመስላትም ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ወተቱ ኮመጠጠ። አስካለ ወተት ሻጩን ረገመችው። በማግስቱ ቲማቲሙ ለሰለሰ። በሦስተኛው ቀን ውኃ ቀድታ ብትጠጣ ለብ ያለ ነው። እጇን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ብታደርግ፣ ሞቋል! «ፍሪጄ ሞተ!» ብላ ላይኛውን ፍሪዘር ብትከፍት ደግሞ ምን አገኘች? በረዶ! ግድግዳው ሁሉ በረዶ፣ ጣቷን ይዞ አልለቅ የሚል በረዶ።

ግራ ገባት። ዘጋችው። ቆየት ብላ ከፈተችው። ያው ነው። እንዴት አንድ ፍሪጅ ሁለት አገር ይሆናል? ላዩ በረዶ፣ ታቹ ድሬዳዋ!

ባለቤቷን ጠየቀችው። «መብራቱ ነው፤ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል አሳብዶት ነው» አላት። እህቷን ጠየቀች። «ቁጥሩን ጨምሪዋ» አለቻት። አስካለም ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ምን ሆነ መሰላችሁ? በነጋታው የላዩ በረዶ ወፈረ፣ የታቹ ሙቀት ባሰ። በጨመረች ቁጥር ይብስበታል! ይሄኔ ጭራሽ ጠፋባት። ጎረቤቷ ደግሞ መጥታ ዳንቴሉን አየት አደረገችና «ዓይን ነው አስኩ፤ ሳሎን አውጥተሽ ያሳየሽው አንቺ» አለቻት። ጠበል ረጨችው። ጠበል መርጨቷን አልነቅፍም፤ በሩን በደንብ ሳትዘጋ መርጨቷን ነው የምነቅፈው። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ።

«አስካለ፣ ልጄ እንዴት አደረች?»

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አስካለ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን በዚያች ቅጽበት ስንቱ ነገር በልቧ አለፈ! ተበላሽቷል ብላቸው የት ይወስዱታል? ነገ ይበርድ ይሆናል። ደግሞስ በረዶ እያለ እንዴት ተበላሽቷል ይባላል? ደግሞ... ይህችን ለራሷም ጮክ ብላ አልተናገረቻትም፤ ደግሞ ምርቃቱ ሊቀርባት ነው።

«ደህና ናት፣ ጋሼ። በረዶው እንደ ድንጋይ ሆኗል» አለች።

ዋሸች? እንዳልል በረዶው አለ፣ ዓይኗ አይቶታል። እውነት ተናገረች? እንዳልል የሳቸው ብልቃጥ ያለው ታች ነው። እኔም እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል። የላዩን አይታ ስለ ታቹ መለሰች፣ በቃ።

ጋሽ ሀብቴም ብልቃጡን ተቀብለው ተወጉ። መርቀዋት ሄዱ። በነጋታውም እንዲሁ፣ ከዚያም ወዲያ።

ከዚያ ሽማግሌውን ውኃ ጥማት ያዛቸው። ቢጠጡ አይረኩም። ዓይናቸው ይደበዝዛል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። እሳቸውም እንደ አስካለ ግራ ገባቸው። መድኃኒቴን እየተወጋሁ ለምን? ዳቦ ተዉ። አሁንም ያው። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ጭራሽ ሻዩንም ተዉት። አሁንም ያው። ምን አጠፋሁ እያሉ ራሳቸውን ሲመረምሩ፣ ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ሲፈልጉ፣ አንድ ቀትር ላይ ግቢው መሀል ወደቁ። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው።

አስካለ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ሄደች። ስትገባ ነርሷ እየጠየቀቻቸው ነው።

«አባባ፣ መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት? ሙቀት አግኝቶት እንዳይሆን።»

ጋሽ ሀብቴ በዚያ ድካም ቆጣ አሉ። «ምን ሙቀት ያገኘዋል? የአስካለ ፍሪጅ ውስጥ ነው! በረዶው እንደ ድንጋይ ነው!»

የገዛ ቃሏ ነው፣ ምእመናን። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። እሷ ለማምለጫ የተናገረችውን እሳቸው እንደ ምስክር አቁመው ይሟገቱላታል። አስካለ ፔርሙዙን ታቅፋ በሩ ላይ ቀረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ነርሷ «እንግዲያው ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን» ብላ ልታልፍ ነው። ዝም ብትል ግን ያው ብልቃጥ ነገም ይወጋል።

«ጋሼ፣ ሞቋል» አለች። «ታቹ ሞቋል። ከሞቀ ሰንብቷል። አፈርኩ... ደግሞ ግራ ገባኝ፣ ላዩ በረዶ ነው።» ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም፤ አለቀሰች።

ሽማግሌው ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አስካለ» አሉ፣ «ካንቺ በፊት እኮ እርጥብ አሸዋ ላይ ባስቀመጥኩት ገንቦ ነበር የማቆየው። ያ ገንቦ ዛሬም አልጋዬ ሥር አለ። በርዶልኛል ብለሽ ባታሳርፊኝ፣ እሱን አወጣ ነበር።»

ሰማችሁ? ፍሪጁ ቢበላሽ ሽማግሌው መላ ነበራቸው። ደህና ነው የሚለው ቃል ነው መላቸውን አልጋ ሥር ያስቀረው።

ነርሷ አዲስ መድኃኒት ሰጥታ አስተኛቻቸው። አስካለም ቤቷ ሄዳ ፍሪጅ ሠሪ አስጠራች። ሰውዬው መጣ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፣ እሱም መጀመሪያ ራሱን አከከ። ኋላ የፍሪዘሩን በር ጠርዝ በእጁ ሲዳብስ አንዲት የፌስታል ጫፍ አገኘ። በበዓል የተካፈለችውን የቅርጫ ሥጋ ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል ብላ አጭቃው፣ ፌስታሉ በበሩ ሾልኮ ነበር። በሩ የተዘጋ ይመስላል፣ አልገጠመም። በዚያች ቀዳዳ የገባው የአየር እርጥበት በረዶ እየሆነ፣ ቅዝቃዜው ወደ ታች የሚወርድበትን መንገድ ዘግቶታል።

«ታዲያ ቅዝቃዜ አላነሰውም?» አለች።

«ቅዝቃዜማ ሞልቷል። መውረጃ ነው ያጣው። ይነቀል፣ ተከፍቶ ይደር።»

ነቀለችው። ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ሥጋውን አውጥታ ለጎረቤት አደለች። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ያ የሚያምር ሳሎን ጨቀየ። ምንጣፉ ራሰ። ሰው መጥቶ «ምን ሆናችሁ?» ሲል፣ «ፍሪጄ አይሠራም ነበር» አለች። ሳታፍር። ጨርቅ ጨምቃ፣ ጨምቃ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ወለሉን ወለወለች።

ጋሽ ሀብቴ ድነው ተመለሱ። አስካለ ሄዳ «ጋሼ፣ አሁን በርዷል፤ ግን እኔን አይመኑ፣ መጥተው ይዩ» አለቻቸው። መጡ። ላይኛውን አልከፈቱም። እጃቸውን ታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ብልቃጡን ከኪሳቸው አውጥተው አስቀመጡት። ምርቃት አልመረቁም ያን ዕለት። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብቻ አሉ። ለአስካለ ግን ከምርቃቱ ሁሉ ይህ በለጠባት።

እናንተስ፣ ወገኖቼ?

ላያችን መቼ በረዶ አነሰው! ጾሙን እንጾማለን። መዝሙሩን በቃል እናውቃለን። ነጠላችን ነጭ ነው። ታች፣ ቤታችን ውስጥ ግን ወተቱ እየኮመጠጠ ነው። ሠራተኛችን ድምፃችንን ስትሰማ ትደነግጣለች። ወንድማችንን ካኮረፍን ሰነበትን። ያኔ ግራ ይገባናል፤ «ይህን ያህል እየጸለይኩ ለምን?» እንላለን። ምን እናደርጋለን? ቁጥሩን እንጨምራለን። ሌላ ስግደት፣ ሌላ ስዕለት። ስግደቱ መልካም ነው፣ ስዕለቱም መልካም ነው። መውረጃው ግን ተዘግቷል። የያዛችሁት ፌስታል የትኛው ነው? እኔ አላውቅም፤ እናንተ በር ጠርዝ ላይ እጃችሁን ስታሳልፉ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። እያንዳንዳችሁ ውስጥ የሰው መድኃኒት ተቀምጧል። አንቺን አይቶ ተስፋ የሚያደርግ ልጅ አለ። አንተን አምና መላዋን አልጋ ሥር የተወች ሚስት አለች። በጠዋት መጥተው ያንኳኳሉ፣ «ልጄ እንዴት አደረች?» ይላሉ።

ምን ትሏቸዋላችሁ?

አትቸኩሉ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ላዩን ተዉት፤ እሱን ሰው ሁሉ አይቶታል። እጃችሁን ታች አድርጉ። ከሞቀ «ሞቋል» በሉ። ሳሎኑ ይጨቅይ። ምንጣፉ ይራስ። ጨርቅ አለን፣ እንወለውለዋለን። ጋሽ ሀብቴ ግን ዳግመኛ አይውደቁ።