ሲደመር ያነሰው ውሃ

በእኛ መንደር ሽርክና ሊገቡ ወይም ልጅ ሊድሩ የተቻኮሉ ሰዎች ሲገኙ ሽማግሎች ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ስለ ጋብቻ የተነገረች ይመስላቸዋል። መነሻዋ ግን የዘርትሁን የሽንኩርት ማሳ ነው።

ማሳዎቻችን የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ያለው ቀን ለባለመሬቶች ይከፋፈላል። የዘርትሁን ድርሻ የቀኑ ሲሶ ነበር። ወንድሟ ሲሞት መሬቱን ከነውሃው ወረሰች፤ የእሱ ድርሻ ደግሞ ሩብ ነው። ጥሏቸው የሄደውን ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድገው በዚያ መሬት ሽንኩርት ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ድርሻ አንድ አድርገው እንዲጽፉላት የቦዩን ተራ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት ጋሽ ጓንጉልን ለመነች።

ጋሽ ጓንጉል ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ሰው ናቸው፤ ደብተር አይለያቸውም። ያን ዕለት ግን ሠርግ ተጠርተው በቅሏቸው ተጭና ቆማለች።

«አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ። አንድና አንድ ሁለት፤ ሦስትና አራት ሰባት። ሁለት ሰባተኛው ያንቺ ነው» ብለው ፈርመው ሄዱ።

ዘርትሁን ስሌቱን አምና ተመለሰች። ውሃው ግን ቶሎ ቶሎ ይዘጋባት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የወንድሟ ሽንኩርት ቢጫ ሆኖ ተኛ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ትማር ነበርና መምህሯን ጠየቀችው። እሱም መልሱን አልነገራትም።

«ቀኑ ስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው ሲሶውንም ሩቡንም ወደ አሥራ ሁለተኛ ቀይሪና ደምሪ።»

ሦስት ጊዜ ሠራችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው መልስ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ጓንጉልን ቦዩ አፍ ላይ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ሲሶው ብቻውን ስንት ሰዓት ነበር?»

«አራት።»

«ሩብ ሲጨመርበትስ?»

ደብተራቸውን ገለጡ። «ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም።»

«ተደምሮ የሚቀንስ ውሃ አይተው ያውቃሉ?»

ዘርትሁን ተንበርክካ ጭቃው ላይ በእንጨት ጻፈች። «ሲሶና ሩብ እኩል ቁራሽ አይደሉም። ሁለቱንም አሥራ ሁለተኛ አደረግኋቸው። አራትና ሦስት፣ ሰባት ሰዓት።»

እሳቸውም እንጨቱን ተቀብለው ደግመው ሠሩት። ሰባት ወጣ።

«ሠርጉ አጣድፎኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ደብተሩን አረሙ፤ እስከ አዝመራው ድረስም ከራሳቸው ተራ ሁለት ሁለት ሰዓት ሊለቁላት ቃል ገቡ። የወንድሟ ማሳ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ አገገመ።

ያን ጠዋት ጎረቤታቸው አባ ይሁኔ ዶማቸውን ተደግፈው ሁሉንም ሰምተዋል። ፊደል አይለዩም፤ ቁጥሮቹን ላይና ታች የከፈለው መስመር ምን እንደሆነ ዘርትሁንን ጠየቋት። የታቹ ቀኑ ለስንት እንደተቆረሰ፣ የላዩ ስንቱ ቁራሽ እንደተያዘ እንደሚናገር ስታስረዳቸው ጭቃውን ትንሽ አየት አደረጉና «ለካ ከታች ያልተስማማ ከላይ አይደመርም» አሉ።