ካቦው የገባበት ወንፈል

ተረት ተረት።

የሐዲድ መሠረት በሉኛ። እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን በሻህ የሚባል አራሽ ነበረ። ሁለት በሬ ነበረው፤ አንዱ ገደል ገባበት። በአንድ በሬ አይታረስም። የማሽላ ዝናብ ሳይመጣ ሌላ በሬ መግዛት አለበትና፣ የጭነት ባቡር ወደሚቆምበት ቆላ ወረደ።

ሥራ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፣ ልጆቼ። ላይኛው ጣቢያ ጠየቀ። «ሰኞ ና» አሉት። ሰኞ ሄደ። «ሰኞ ና» አሉት። አራት ሰኞ ተመላለሰ። ከዚያም ታችኛው ጣቢያ ወረደና ከሥራ ፈላጊዎች ጋር ግራር ሥር አሥራ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በአሥራ አራተኛው ቀን የአራጋፊዎቹ አለቃ፣ ካቦ ዘውገ፣ ጠራው።

ካቦው፦ አንድ ፉርጎ ስታራግፍ ሦስት ብር። ወሬ አልወድም።

አራጋፊዎቹ ከእሱ ጋር አምስት ሆኑ። ለአንድ ሰው አንድ ፉርጎ። በሻህ የራሱን ጨረሰ። ሌላው ሲደክም ቁጭ ብሎ ማየት አልለመደምና፣ ወደ ሽማግሌው ቦጋለ ፉርጎ ገብቶ ጆንያ ተሸከመ።

ቦጋለ፦ አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?

በሻህ፦ ወንፈል ነዋ፣ ጋሼ። ዛሬ እኔ ለእርስዎ፣ ነገ እርስዎ ለእኔ።

ሁሉም የገበሬ ልጆች ናቸውና ገባቸው። አምስቱም አንዱን ፉርጎ አራግፈው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። እስኪመሽ ይፈጅ የነበረው ሥራ በዘጠኝ ሰዓት ማለቅ ጀመረ።

ቅዳሜ ካቦው መጣ።

ካቦው፦ ከሰኞ ጀምሮ ፉርጎው ሁለት ብር ነው።

በሻህ፦ ምነው ጌታዬ፣ ጭነቱ ቀለለ እንዴ?

ካቦው፦ ለእናንተ ቀለለላችሁ። በጊዜ ጨርሳችሁ ስትስቁ አይቻለሁ።

ቦጋለ በመንገድ ላይ፦ አየህ ወንፈልህን? ለካቦው አረስክለት።

ሰኞ አምስት ፉርጎ የወፍጮ ድንጋይ መጣ። ፉርጎዎቹ ባዶ ሆነው በማታው ባቡር ካልተመለሱ ካቦው ከኪሱ ይከፍላል። ሰዎቹ በየፉርጎአቸው በር ላይ ቆሙ። ድንጋዩ ደግሞ ለአንድ ሰው አይነሳም።

ካቦው፦ ተጋገዙ እንጂ።

በሻህ፦ መጋገዝ አንድ አንድ ብር አስቀረብን። ብቻ ብቻችንን ይሻለናል።

ካቦው ወደ ግራሩ ዞረ፦ በሁለት ብር የሚሠራ።

ሦስት ሰዎች ተነሡ። ርቧቸዋል፤ አልፈርድባቸውም።

በሻህ፦ ግቡ፣ አንከለክልም። እኛ ብንፈጥን ሁለት ሆነ። እናንተ ስትፈጥኑ ስንት እንደሚሆን ብቻ ጠይቁት።

ጠየቁት። ካቦው ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዞረ። ሦስቱም ተመልሰው ተቀመጡ።

ጥላው ረዘመ። ካቦው ኮቱን አወለቀ።

ካቦው፦ እሺ፣ እኔም ወንፈል ልግባ። ያዙ።

በወንፈል ሕግ ጉልበቱን ይዞ የመጣ አይመለስም። ስድስት ሆነው አንድ ድንጋይ አወረዱ። ካቦው ወገቡን ይዞ ቀረ።

ካቦው፦ ስንት ይቀራል?

ቦጋለ፦ ከዚህ አሥራ አንድ። ከሁሉም ሃምሳ ዘጠኝ።

ካቦው ድንጋዩን ብዙ አየው።

ካቦው፦ ሦስት ብር።

ቦጋለ፦ ብንፈጥንም?

ካቦው፦ ብትፈጥኑም።

ያን ማታ ፉርጎዎቹ ባዶ ተመለሱ። በሻህም ውሎ አድሮ ብሩ ሞላለትና በሬውን ገዛ። አገሩ ሲደርስ ግን ዝናቡ ቀድሞት ነበር። ማሽላው አመለጠው። የማሳው ድንበር ላይ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያም ተነሥቶ ለጤፍ አረሰ።

ተረቴን አራገፍኩት ከፉርጎ፣
አፌን አብሱልኝ በእርጎ።