አንዴ ጠይቆ የሚሄደው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። እግሩ ጠንካራ፣ አፉ ውሸት የማያውቅ ሰው ነበረ። «አንድ አዋቂ ሰው ደህና ነኝ ካለኝ የእኔ ሥራ አላለቀም ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ቤት ለቤት እየዞርሽ ደካሞችን ለምትጎበኚው ለአንቺ፣ መልሱ እሱ ጋ አለና እስኪያልቅ ስሚኝ።

ሰውየው የሚኖርባት ከተማ እድር ሙታኑን በክብር ይቀብር ነበር። ድንኳኑ አይቀደድም፤ ወንበሩ አይጎድልም፤ ለፋፊው ጥሩምባውን ሲነፋ ከቤቱ የሚቀር አልነበረም። አንድ ዓመት ግን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በቤታቸው ሞተው በአራተኛው ቀን ተገኙ። የእድሩ ዳኛ አባላቱን ሰብስበው፣ «ሬሳ ማክበር አውቀናል፤ ያልሞተውንስ ማን ያየዋል?» አሉ። ተመካክረው ያንን ሰው መረጡት። ጉልበት የከዳቸውን፣ ዓይናቸው የጠፋውን፣ አእምሯቸው የደከመውን እየዞረ እንዲጠይቅ፣ የጎደላቸውን ለእድሩ እንዲናገር፣ ሐኪም ለሚያሻው ሐኪም፣ ሕግ ለሚያሻው ሕግ እንዲጠራ አደራ ሰጡት።

ሰውየው አደራውን አልናቀም። በየሰኞው አሥራ አራት ቤት ያዳርስ ነበር። ዝናብ አያስቀረውም። ዳኛው እንኳ፣ «አንተ፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ሳንሞት ጫማህ ቀድሞን ሞተ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ከአሥራ አራቱ ቤት በአንዱ አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በጉብዝናቸው አናጢ ነበሩ። አሁን ግን ቀኑንም ሰውንም አይለዩም። ልጅቱ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አላገባችም፤ ወፍጮ ቤት ትሠራለች። ሌላ ዘመድ አልነበራቸውም።

ሰውየው ሰኞ ጠዋት ከአጥሩ በር ቆሞ ይጣራል። እሷም ዱቄት የማይለቀውን ነጠላዋን እያጣፋች ትወጣለች።

«እንደምን አደርሽ? አባባ እንዴት ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው ጋሼ።»

«የጎደለ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! እናንተ እያላችሁልን።»

አንድ ቀን ሽማግሌው የሰውየውን ድምፅ ሰምተው ከውስጥ ጮኹ። «ማነው እሱ? ልጄን ፈልጎ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ በይው! እንዲህ ከአጥር ሥር ለሚያንጎራጉር አልድርም!»

«ሰሙ ጋሼ?» አለች ልጅቱ። «ሽማግሌ ሳይልኩ መጥተው አሳፈሩኝ።»

«ለሚመጣው ሰኞ ሦስት ሽማግሌ አስከትላለሁ» አላት።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሳያባራ ተሰነባበቱና ሰውየው ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። የልጅቱ ዓይን ሥሩ መጥቆሩን አይቷል። ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት እንዳለም አይቷል። ነገር ግን ደህና ነን ያለን ሰው «አይደላችሁም» ማለት ነውር መሰለው።

ሌላ ሰኞ አርፍዶ መጣ። ልጅቱ ሥራ ሄዳለች። በሩ በውጭ በኩል ተቆልፏል። የዚያን ቀን አጥሩን አልፎ በሩን አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ፣ ከእድሩ። እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንተ ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ?»

«ሁሉም ደህና ነው።»

ሰውየው ጥቂት ቆሞ ቁልፉን አየው። ከዚያ ሄደ። በወሩ መጨረሻ እድሩ ሲሰበሰብ ስለዚያ ቤት ተጠየቀ። «ደህና ናቸው፤ ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ» አለ። ውሸት አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ሽማግሌው ሞቱ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ። ሬሳውን የገነዙት ሰው ግን ከቤት ሲወጡ ፊታቸው ሌላ ነበር። ዳኛውን ወደ ጓሮ ጠርተው፣ «ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእስር ምልክት አለ። የትናንት አይደለም፤ የቆየ ነው» አሏቸው።

እስከ ሣልስቱ ነገሩ አልተወራም። ከሣልስቱ በኋላ ግን እድሩ ተሰብስቦ ልጅቱን ጠራት። እሷም አልካደችም። ጠዋት ወፍጮ ቤት ስትሄድ የአባቷን አንድ እግር በመቀነቷ ከአልጋው ጋር ታስር ነበር። የመጨረሻው ቀን ሽማግሌው ሊነሡ ሲሉ ወደቁ። እግራቸው አልጋው ላይ እንደታሰረ፣ ራሳቸው ቀዝቃዛው መሬት ላይ ተዘቅዝቆ፣ እስክትመለስ ድረስ ቆዩ። በማግስቱ አረፉ።

«አባቷን እንደ ውሻ ያሰረች!» አለ አንዱ።

«ትባረር!» አለ ሌላው።

በዚያች ከተማ ከእድር መባረር ከሞት ይከፋ ነበር። የተባረረ ሰው እሳት የሚያቀብለው ጎረቤት የለውም፤ ሲሞትም አፈር የሚያለብሰው ያጣል። ሁሉም እጁን ሊያወጣ ሲል ያ ሰው ብድግ አለ።

«እሷን ከማባረራችሁ በፊት እኔን ጠይቁኝ» አለ። «እዚያ ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ። አንድ ቀንም ከደጃፉ አልፌ አልገባሁም። በሩ በውጭ ተቆልፎ አይቻለሁ። ክንዷ ላይ ንክሻ አይቻለሁ። ለእናንተ የነገርኳችሁ ግን የሰማሁትን ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ግን ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጅቱ ቀና አለች። እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ስታይ ነበር።

«ምን ብዬ ልንገርዎ ጋሼ? አባቴ ሁለት ጊዜ ወንዝ ገብተው ሰው ጎትቶ አውጥቷቸዋል። አናጢ ናቸው፤ የተቆለፈ በር አያቆማቸውም። ሥራ ብቀር የምንበላው የለም፤ ትቻቸው ብሄድ ወንዙ አለ። አባቴ መቱኝ፣ አባቴ ነከሱኝ ብዬ ደጅ ላይ ቆሜ ላውራ?» ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እስኪ ልጠይቅዎ። ቤቴ ቢገቡና እንጀራ ባቀርብልዎ ምን ይሉኛል? በልቻለሁ ይሉኛል። አምንዎታለሁ? በሞቴ እላለሁ፤ አፈር ስሆን እላለሁ፤ እስኪቀምሱልኝ አልለቅዎትም። በመጀመሪያው ጥሪ የሚበላ ማን አለ? እኔም በመጀመሪያው አልናገርም። አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ ብዬ በየሰኞው ጠበቅኩ። እርስዎ አንዴ ጠይቀው ይሄዱ ነበር።»

አንድም እጅ አልወጣም። ልጅቱ አልተባረረችም። ግን የአባቷ አርባ ሳይደርስ ቤቷን ዘግታ ከከተማዋ ወጣች፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

ሰውየው አደራውን ተረከቡኝ ብሎ ዳኛውን ለመነ። «አሁን ሥራው ገባህ፤ አሁን ትሄዳለህ?» አሉት። በሚቀጥለው ሰኞ ከመጀመሪያው ቤት ደረሰ። የቤቱ ባለቤት፣ ሽባ ባሏን የምታስታምም ሴት፣ «ደህና ነን» አለችው። ገብቶ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠ። በሽተኛውን በስሙ ጠርቶ አነጋገረው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «በሞቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። ሴትዮዋ ጉልበቷን አቅፋ አለቀሰች። ያን ቀን ከአሥራ አራቱ ቤት አራቱን ብቻ አዳረሰ።

እህቴ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። የቆመበት አጥር ይሉኝታ ነው፤ የእኛ የተጠያቂዎቹም፣ የእናንተ የጠያቂዎቹም። በሀገራችን «ደህና ነኝ» ማለት «በልቻለሁ» እንደማለት ነው፤ ጨዋ ሰው የሚለው ነው፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለበትም። ስለዚህ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ደግመሽ ጠይቂ። የደከመውን ሰው ራሱን ስሚው፤ በእሱ ጉዳይ ከአስታማሚው ጋር ብቻ አትጨርሺ። አስታማሚውንም ለብቻው ስሚው፤ ቀድሞ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለአለቆችሽ ያየሽውን ተናገሪ። ከአቅምሽ በላይ ሲሆን ሐኪሙንም ጎረቤቱንም ሕጉንም ጥሪ፤ ሸክሙ ላንቺ ብቻ አልተሰጠም።

የሰውን ክብር መድፈር አይሆንም ወይ ብለሽኝ ነበር። በሞቴ የምትል ሴት ጉርሻውን እስከ ከንፈር ታደርሳለች እንጂ መንጋጋ ፈልቅቃ አታጎርስም። አእምሮው ሙሉ የሆነ ሰው አስቦ እምቢ ካለሽ እምቢታው የራሱ ነው። ተቀብለሽ ውጪ፤ ሌላ ቀን ተመለሺ። እምቢታውን ግን ፊቱን እያየሽ ስሚው። በተቆለፈ በር በኩል የተሰማ ቃል አይቆጠርልሽም።

እኔ ልጄን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወር መሆኑ ነው። ይህን ታውቂያለሽ። ቅድም ስትገቢ «እንዴት ነህ?» አልሽኝ። «ደህና ነኝ» አልኩሽ። አንቺም ወንበር ስበሽ ወደ ጥያቄሽ ገባሽ።